ዜና ሲንቄ ዘምድረ ወለጋ

በ1874 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በግንቦት ወር መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጉዱሩ ምድር በእምባቦ ተዋጉ። ድሉም ለሸዋ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ዘመኑን አይተው ከምኒልክ የጦር አለቃ ከራስ ጎበና ጋር ተስማሙ፣ ለምኒልክም ገበሩ።

የንጉሥ ጸሐፊ ዓይኑ ከንጉሥ ድንኳን አይርቅምና ማን እንደ ተሾመ፣ ማን እንደ ተማረከ ጻፈ። በዚያው ምድር መንደር ከመንደር ሲጋጠም መካከል ገብተው የሚገላግሉትን እናቶች ግን አለፋቸው። እኛ ወደ እነርሱ እንመለስ።

ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። ጠብ ተነሥቶ ጦር ሲማዘዝ ያገባች ሴት ሁሉ ሲንቄ የምትባል በትሯን ይዛ ትወጣለች። አንዷ ትጮኻለች፤ ጎረቤቷ ጩኸቱን ተቀብላ ለማዶዋ ታሳልፋለች። ያቦካችው ሊጧን፣ ላም የምታልበው ማለቢያዋን ጥላ ትመጣለች። አንድ እጃቸው ቀጭን በትር፣ አንድ እጃቸው እርጥብ ሣር እንደ ያዘ በሁለቱ ወገን መካከል ይሰለፋሉ። ያች በትር ላም እንኳ አትነዳም። ጋሻ ያነገበ ጎልማሳ ግን እርሷን ተሻግሮ ጦር አይወረውርም፤ እርግማናቸውን ይፈራልና፣ ከተሰለፉትም አንዷ እናቱ ናትና።

ባል ሚስቱን ከወግ ውጭ ቢበድል ደግሞ ሴቶቹ ቤታቸውን ትተው ወጥተው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። እሳት የሚያነድ፣ ጥጃ የሚያስር ይጠፋል፤ ሽማግሎች ሄደው ይለምናሉ፣ በዳዩም ይክሳል። እዚህ ላይ የዚህ ዜና ጸሐፊ ሳቁን አይሰውርም፤ ሸንጎ ያላንበረከከውን ባል የቀዘቀዘ ምድጃ ያንበረክከዋል።

የተዘነጋችው ግን ሲንቄ የያዘችው ብቻ አይደለችም። በ1896፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምቴ ሲገቡ አስቴር ጋኖም አብረው መጡ። በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡ፣ በጣሊያን መርከብ ነጻ የወጡ፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማሩ ሴት ናቸው፤ ለመዝገበ ቃላት ብዙ የኦሮምኛ ቃል ሰብስበዋል። ለኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ ደክመዋል፤ ስሙ የገነነው ግን የኦኔሲሞስ ነው። ብዕር የያዘችው እንዲህ ከተረሳች በትር የያዘችውን ማን ያስታውሳል?

ከዚህም በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ወለጋም ዳግመኛ የጦር አገር ሆነች። በሚያዝያ 2015 የፌዴራሉ መንግሥትና የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት በዛንዚባር ተደራደሩ፤ በኅዳር 2016 በዳሬሰላም ዳግመኛ ተገናኝተው ሳይስማሙ ተለያዩ። ጠረጴዛው ጦር ለያዙት ነበር፤ ለሲንቄ የቀረበ ወንበር አልነበረም።

በወለጋ የሠርግ ወራት ሲደርስ እናት ከሀሮሬሳ እንጨት የተቆረጠችውን በትር ቅቤ ቀብታ ለምትድራት ልጇ ትሰጣለች። ሙሽራዪቱም በእጇ ይዛት ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች።