ደግሞ ወደ ጅቡቲ

ለመስቀል ከመርካቶ ተነሥቶ አገና የሚገባ የእዣ ጉራጌ መንገድ ጠቋሚ አያሻውም። ወልቂጤ ላይ የት ቁጭ ብሎ ሻይ እንደሚጠጣ፣ ከጉብሬ ወዲያ የእንሰቱ ልምላሜ ከየት እንደሚበረታ፣ እምድብር ሲደርስ አገና ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል። መንገዱ የአምናው ነው፤ ሰውየው ግን ዘንድሮም ይሄዳል፣ ለከርሞም ይሄዳል። መልመዱ ራሱ ደስታው ነው። ይህን ደስታ በባሕር ላይ ማን ቀመሰው ቢባል፣ እኔ ቀድሜ የምጠራው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ነው።

ኅሩይ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ የደብተራ ትምህርት የተማሩ፣ ከባሕር ጋር ምንም የማያገናኛቸው ደገኛ። ሆኖም በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ጋር ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ገቡ፤ ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ተቀበሏቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ዞሩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ጃፓን ደረሱ። የጉዞው ሁሉ በር ጅቡቲ ነበረች።

በሩ ራሱ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበርና ከአዲስ አበባ እስከዚያ መንገዱ የበቅሎ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ያንን ሐዲድ ከዘረጉት ጉልበተኞች መካከል ከአገሩ ርቆ እንጀራ ፍለጋ የወጣው ጉራጌ ይገኝበታል። የባቡሩ ጉዞም ቢሆን የጥድፊያ አልነበረም፤ አዋሽ ያድራል፣ ድሬዳዋ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይደርሳል።

ከዚያ መርከብ ነው። የያኔው መርከብ ዛሬ ሽርሽረኛ በሺህ ጭኖ እንደሚንሳፈፈው ከተማ አልነበረም። መሳዤሪ ማሪቲም የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከማርሴይ እስከ ሳይጎንና ጃፓን ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ መርከቦቹም ጅቡቲን ነክተው ያልፋሉ። ተሳፋሪው ጥቂት በመሆኑ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ሰው በመልክ ይተዋወቃል። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈረ ሰው ነጭ ጨርቅ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ ይጠብቀዋል፤ ቀን ላይ ከዳስ ሥር በተዘረጋ ወንበር ጋደም ይላል። ከጅቡቲ ስዊዝ አራት ቀን ያህል ነው፤ ሙቀቱ ግን እንቅልፍ ይነሣል። ቦዩ ውስጥ ሲገባ መርከቡ እንደ በቅሎ ያዘግማል፤ በግራና በቀኝ አሸዋ እያዩ መሄድ ነው። ፖርት ሰይድ ከሰል ሲጫን አቧራው ክፍል ድረስ ይገባል።

መጀመሪያ የሚሳፈር ሰው ይህን ሁሉ አያይም። ሆዱ ታውኳል፣ ልቡ ፈርቷል፣ ዓይኑ ከውኃው አይነቀልም። በሦስተኛው ጉዞ ግን ውኃው ይረሳል፤ ሰው መታየት ይጀምራል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ብዕር ይነሣል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ የሚኖር ባለሥልጣን ጧት በሩን ሲከፍት ደጅ ጠኚ ተሰልፎ ያገኛል፤ መርከብ ላይ ደጅ ጠኚ የለም። እንደ ኅሩይ ላለ የመንግሥት ሠራተኛና ደራሲ ከዚህ የበለጠ ቅንጦት አይታየኝም።

የ1916ቱ ጉዞ ለብቻው ቢጻፍ ያምርበታል። ራስ ተፈሪ ከአዲስ አበባ የተነሡት ሚያዝያ 8 ቀን ነው፤ ፋሲካን ኢየሩሳሌም ለማክበር። እንግዲህ ቀይ ባሕርን ያቋረጡት በሁዳዴ ነው ማለት ነው። ያለ ቅቤ ምግብ የማይመስለው የፈረንሳይ ወጥ ቤት የሁዳዴ ጿሚ መኳንንት ተደርድረው ሲቀመጡለት ሳስብ ሣቄ ይመጣል።

ረጅሙ የጃፓኑ ነው። ጃፓን ለተፈሪ የ1923ቱ የንግሥ በዓል መልእክተኛ ልካ ነበርና ኅሩይ፣ ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ምላሹን ይዘው ሄዱ። መንገዱ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ፤ በኋላም ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ። አብረዋቸው የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት የማግባት አሳብ አድሮባቸው፣ ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች ወይዘሪት እስከ መመረጥ ደርሳ ነበር፤ ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ እንጂ። ፖለቲካው ገባበት ይባላል፤ ጣሊያን ነገሩን በክፉ ዓይን ነበር የምታየው።

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ያው የጅቡቲ በር የስደት በር ሆነ። ቀድሞ ራስ ተፈሪ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያም ወደ ጅብራልታር ሄዱ፤ ከጅብራልታር እስከ ሳውዝሃምፕተን ያደረሳቸው «ኦርፎርድ» የተባለ የመንገደኛ መርከብ ነበር። ኅሩይም በስደት እንግሊዝ አገር ቆይተው መስከረም 1931 ዓ.ም. ባዝ ከተማ ዐረፉ።

ጉዞውን በእጁ ይዞ መከተል የሚሻ አንባቢ በ«ደስታና ክብር» ይጀምር፤ የ1916ቱ መንገድ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ጃፓንን የሚተርከውን «ማኅደረ ብርሃን»ን ያንብብ። «አዲስ ዓለም»ን ለመጨረሻ ያቆየው። በ1925 ዓ.ም. በወጣው በዚህ ልብ ወለድ አወቀ የተባለው ወጣት ፓሪስ ድረስ ሄዶ ይማራል፤ ደራሲው ግን የፓሪሱን ኑሮ ቶሎ ያልፉታል። ብዕራቸው ረግቶ የሚቆየው ልጁ ተጉለት ከተመለሰ በኋላ በተዝካሩና በሠርጉ ላይ ከዘመዶቹ ጋር በገጠመው ሙግት ላይ ነው።