በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፤ ከምጽዋ እስከ እሮጌ



በቋንቋችን ጠመንጃ እንደ ሰው ይነገርለታል። አፍ አለው፤ ይጎርሳል፤ ይጮኻል። ጥይት የሚከትበትንም ሰው «አጎረሰ» እንለዋለን። ይህ አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለጥንቱ ጠመንጃ ነው፤ እርሱ በእውነት በአፉ ይጎርስ ነበርና። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ጠመንጃ፥ አባቶቻችን ስለ ወደዱት ዓይነትና በመጨረሻ ስላስከፈላቸው ዋጋ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በሀገራችን አቈጣጠር ነው።

በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ በሦስት ወገን ይከፈላል። የመጀመሪያው ባለ ገመዱ ሲሆን፥ በሀገራችን ነፍጥ የተባለው በተለይ ይህ ነው። «ነፍጥ» የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ በመጀመሪያ የሚነድ ዘይት ማለት ነበር፤ ነፍጠኛ የሚለውም ቃል ከዚሁ ወጣ። ተኳሹ ባሩዱን ለክቶ በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ አረሩን ያስከትላል፤ በረጅም ዘንግም እስከ ታች ድረስ ይጠቀጥቀዋል። ቀጥሎም ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ አጠገብ የደቀቀ ባሩድ ይነሰንሳል። ምላጩን ሲስብ፥ ጫፉ የሚጤሰው ገመድ ወርዶ ባሩዱን ይለኵሰዋል። ጠመንጃው ረጅምና ከባድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ በባላ ላይ ተደግፎ ይተኰስ ነበር።

ሁለተኛው በገመድ ፈንታ ባልጩት ከብረት ጋር እየተፋጨ እሳት የሚሰጠው ነው። ሦስተኛው፥ መዶሻው ሲመታት የምትፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚደረግበት ነው። በዚህ በኋለኛው ዘመን ከሁሉ የተወደደው ባለ ሁለት አፉ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንደ ገና ለማጉረስ ጊዜ በሚፈጅ መሣሪያ፥ ሁለተኛውን ተኵስ አስቀድሞ በእጅ መያዝ ነፍስን ማዳን ነው።

ሆኖም ባለ ገመዱ ቶሎ አልተረሳም። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ የመንደር ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። ባሩድም ከሰል፥ ድኝና ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ጨው መሳይ ማዕድን በልክ ተቀላቅለው የሚሠራ ስለ ሆነ በሀገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። እርሳስ ሲጠፋ አረሩ ከብረት ይሠራል። ያች የመዳብ ቆብ ግን ከባሕር ማዶ ካልመጣች፥ የተወደደው ባለ ሁለት አፍ ከዱላ አይሻልም። እንግዲህ ጠመንጃን መምረጥ የጥራት ነገር ብቻ አልነበረም፤ እሳቱን የሚሰጠው ማን ነው የሚል ጥያቄም ነበረበት።

የጠመንጃ ኀይል በሀገራችን ታሪክ ጐልቶ የታየው በግራኝ አሕመድ ዘመን ነው። ለእርሱ በዘይላ በኩል የቱርክ ነፍጠኞች ሲመጡለት፥ ለዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ደግሞ በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ። ዳ ጋማ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ፤ ግራኝም በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የምጽዋን መንገድ የያዘ ሰው ጠመንጃን ያዘ፤ ጠመንጃን የያዘም ዙፋንን እስከ መነቅነቅ ደረሰ። ለዚህ ምስክሩ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። በነፍጠኞቻቸው ብርታት ጎንደርን በእጃቸው አድርገው፥ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ አነገሡ።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚሁ ዘመን አንድ ነገር ጽፏል። የራስ ሚካኤል ዘመድ የሆነው ገብረ መስቀል የነፍጠኞች አለቃ ነበርና በተኳሽነቱ ይመካ ነበር። ብሩስም በግብዣ ላይ «በእኔ ጠመንጃ ቍራጭ የሞራ ሻማ፥ በአንተ ጠመንጃ ካለው የብረት አረር ይበልጣል» ዐይነት ንግግር ተናግሮ ጠብ ተነሣ። በኋላም ነገሩን በተግባር እንዲያሳይ ሲጠየቅ፥ ሻማውን ለሁለት ከፍሎ በአንደኛው ሦስት ጋሻ፥ በሁለተኛው የሾላ ገበታ በሳ። ተመልካቾቹ እንደ ተአምር ቈጠሩት። ምሥጢሩ ግን አስማት አልነበረም፤ ኀይሉ ያለው ከአረሩ ጥንካሬ ይልቅ፥ ባሩዱ በሚሰጠው ፍጥነት ላይ መሆኑ ነው።

ይህን ምሥጢር በመራራ ትምህርት ያወቁት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ካሳ ኀይሉ ተብለው ሳሉ፥ በ1840 ዓ.ም. ዳባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው የሥርዐት ተኵስ ምን እንደሚያደርግ አዩ። ከነገሡም በኋላ ጠመንጃ መሰብሰብ ብቻ አልበቃቸውም፤ ጠመንጃ የሚሠራ እጅ ፈለጉ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። በ1858 ዓ.ም. ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር የላኩት ባለ እጆች እንዲያመጣላቸው ነበር። ባለ እጆቹም እስከ ምጽዋ መጡ፤ ነገር ግን የታሰሩት አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይደርሱ ቀሩ። በኋላ በዚያው ባሕር የመጣው ጦር ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት ከመቅደላ አምባ ግርጌ ወዳለው ወደ እሮጌ ሜዳ እየፎከረ ወረደ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ያን የተወደደ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዘዋል። ሁለቱን ተኵሰው ሲጨርሱ ግን ቆመው ባሩድ ማፍሰስ፥ አረር መክተት፥ በዘንግ መጠቅጠቅ ነበረባቸው። ከፊታቸው ያሉት የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናድር ሲሆን፥ በኋላው ተከፍቶ የሚጎርስ፥ በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል የሚተኵስ፥ ተኝተውም የሚያጎርሱት ነበር። መድፍና ሮኬትም ነበራቸው። ከሐበሻ ወገን ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከእንግሊዞቹ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ፥ ከነዚያ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው አለፉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን የምንናገረው የጀግኖቹን ሞት ለማሳነስ አይደለም፤ የጎደላቸው ድፍረት እንዳልነበረ ጠላት ራሱ መስክሯል። ልብ ልንለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ያ ስናድር ከመሠረቱ አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። ኤንፊልድ የተባለው፥ ራሱም በአፉ የሚጎርስ የእንግሊዞች ጠመንጃ ነበር። የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ቈርጠው በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙበት፤ ባሩዱንና አረሩንም በአንድ ቀለህ አዋሐዱ። እንጨቱ ያው፥ ብረቱ ያው ነው። እሮጌ ላይ የሞትና የሕይወት ልዩነት የሆነው፥ ከአሮጌ ጠመንጃ ላይ የተቈረጠ አንድ ጋት የማይሞላ ብረት ነበር። ያን ብረት በሺህ በሺህ የሚቈርጠው የእጅ ሥራ ቤት ግን አንዱ ነበረው፥ ሌላው አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ትምህርቱን አልዘነጉትም። በዝብዝ ካሳ እንግሊዞች ሲመለሱ በተዉላቸው መድፍና ጠመንጃ፥ ይልቁንም በጆን ኪርካም ባሠለጠኗቸው ወታደሮች፥ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይም ከግብጾች በኋላው የሚጎርስ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ውጅግራና ሌላም በኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበርና፥ ድፍረቱ በማጎረስ አልዘገየም።

ሆኖም እነዚህ ሁሉ የተገዙ፥ የተሰጡ ወይም የተማረኩ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጠመንጃው አብልጠው የጠየቁት ባለ እጁን ነበር። ጠመንጃ ያረጃል፤ የሚወደድበትም ዘመን ያልፋል። አሮጌውን ቈርጦ አዲስ የሚያደርግ እጅ ያለው ሕዝብ ግን፥ ነገም ከሌላው እሳት እስኪለመን አይጠብቅም።