የቁስቋም ዳገት የሚመርጠው መኪና

ቅዳሜና እሁድ አሮጌ ፎር ዊል መኪና አስነስቶ ተራራ ለተራራ መዞር አሜሪካኖች የምር የያዙት መዝናኛ ነው። ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የሮኪ ተራሮች ከደጃችን ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት አውራ ጎዳናው ላይ ፖርቶመጋላው የተጫነ አሮጌ ቶዮታ ማየት ብርቅ አይሆንም። ስለዚህ ከመካከላችን አገር ቤት ጠቅልሎ ለመግባት የሚያስብ ሰው፣ በተለይ አዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ቁስቋም ላይ እንጦጦን ተደግፎ ሊኖር የቆረጠ፣ እዚህ ያየውን መኪና እዚያ ይመኛል፦ ከመሬት የተነሣ፣ ጎማው የሰው ወገብ የሚደርስ፣ ግንባሩ ላይ ዊንች የተገጠመለት። ምኞቱን አልነቅፍም። የምከራከረው በአመራረጡ ላይ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሥር የሰደደው መኪናው ብቻ አይደለም፤ መኪናውን የሚያውቀው ጋራዥ፣ ዕቃው የሚገኝበት ሱቅ፣ የሚነዳበት የተፈቀደ መንገድና የመንገዱ ደንብ አብረው ነው የበቀሉት። አዲስ አበባ ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱ፣ ጋራዡና ዕቃው፣ ከብዙዎቻችን ዕድሜ በፊት ጀምሮ አሉ። መንገዱና ደንቡ ገና ናቸው። መኪናውን መምረጥም ሆነ ማሻሻል ያለብን ባለው ላይ ተደግፈን የሌለውን ሳንዘነጋ ነው።

የአሜሪካኑን አመጣጥ ልብ ብሎ ላየው ጉዳዩ ግልጽ ነው። መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ጂፕ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩቢኮን በሚባለው ድንጋያማ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ዩታ ውስጥ ሞአብ ላይ ደግሞ በ1967 የተጀመሩት የጂፕ ጉዞዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳሉ። ቶዮታም በ1958 አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር ያቀረበው ሴዳን ለአገሩ አውራ ጎዳና አቅም አንሶት ከገበያ ሲወጣ፣ ስሙን ያቆየለት ላንድክሩዘር ነው። ኮሎራዶ ላይ መኪናው የሚወጣው ማንም ባሻው በቀደደው መንገድ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወርቅና ብር ቆፋሪዎች ለበቅሎና ለጋሪ በጠረጉት ነው። ኢሞጂን የሚባለው መተላለፊያ ከፍታው 4,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። መኪናው ሲበዛ ሣሩ ተረጋገጠ፣ ጅረቱ ደፈረሰ፤ የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1985 ትሬድ ላይትሊ የተባለውን የሥነ ሥርዓት ዘመቻ ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በየደኑ ለሞተር የተፈቀደው መንገድ በካርታ ተለይቶ እንዲወጣ፣ ከዚያ ውጭ መንዳት እንዲከለከል ደንብ አወጣ። ዛሬ የምናየው ደስ የሚል ትርኢት ከጀርባው ይህን ያህል ሥራ አለበት። ከፊት የሚታየውን ጎማ ብቻ ቀድቶ አገር ቤት መውሰድ ግማሹን ታሪክ መተው ነው።

ከአሜሪካ ጭኖ መላኩስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ግን የሁለቱ አገሮች ሕግ ፊትና ጀርባ ነው። አሜሪካ የሚገባ መኪና የአገሩን የደኅንነት መሥፈርት ማሟላት አለበት፤ 25 ዓመት ከሞላው ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። በዚህ ቀዳዳ ነው ከጃፓንም ከአውሮፓም አሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ዲፌንደር አሜሪካ የሚገባው። ኢትዮጵያ ውስጥ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይንራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ከለከለ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜ የመግቢያ ፈቃድ ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ቅጣት ነው። ስለዚህ የቁስቋሙ ሰው የሚመርጠው ዛሬ ታርጋ ለጥፈው አገር ውስጥ ከሚዞሩት ነው። ይህ አማራጭ ያጠበበ ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ ስሕተት የሚያድን አጥር አድርጌ ነው የማየው።

አገር ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? ከሁሉ ቀድሞ ገጠሩን ያዳረሰው ላንድሮቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ብረት በጠፋበት የእንግሊዝ ዘመን የተወለደ ስለሆነ ቦዲው ከአልሙኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ አስፋልት ያልደረሰባቸውን ወረዳዎች ሰውና እህል አጭቆ ሲያመላልስ የኖረም እሱ ነው። በደርግ ጊዜ የሶቪየቱ ዋዝ መጣ። ቶዮታ ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ እርዳታ ድርጅት ገጠር የሚወርድ ሁሉ ላንድክሩዘር ነዳ፤ ከእነዚህም ሃርድቶፕ የምንለው ረጅሙ የ70 ተከታታይ ሞዴል ዋነኛው ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሱዙኪ ቪታራ ራሱን የቻለ ትውልድ አለው። ለእነዚህ መኪኖች ዕቃ ከባሕር ማዶ ማዘዝ አያስፈልግም፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጎራ ማለት ይበቃል። ካምቢዮውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ፣ ባሌስትራ ላይ ቅጠል የሚጨምር ባለሙያ፣ ፍሪሲዮን የሚያለብስ ሰው ማግኘት አይቸግርም። አሜሪካ ውስጥ የሠላሳ ዓመት መኪና የሚነዳ ሰው ራሱ ካልፈታው የሚከፍለው የእጅ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሒሳብ ይገለበጣል፤ እጁ ርካሽ ነው፣ ውዱ ዕቃው ነው። ስለዚህ ዕቃው በብዛት የሚገኝ፣ በእጅ የሚጠገን መኪና ያሸንፋል። ኤሌክትሮኒክሱ የተወሳሰበ ቆንጆ መኪና፣ ምንም ያህል ብቃት ይኑረው፣ በዚህ ሚዛን ይወድቃል።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ከባሕር ወለል ይዞት ከተነሣው ጉልበት ከሩብ በላይ የሚሆነው የለም። ናፍጣው እንደተለካው እየገባ አየሩ ሲያንስ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ፖምፓውን ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክል ሰው ካልነካው ከኋላ የሚሄደው እግረኛ ነው የሚጎዳው። እንግዲህ ሁለቱን መኪኖች እናወዳድር። ሃርድቶፑ ላይ በብዛት የምናገኘው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው፤ መኪናው ግን ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ ሁለት በር ቪታራ 1.6 ሊትር ሞተሩ 80 ገደማ ነው፤ ክብደቱ ከ1 ቶን ብዙም አያልፍም። በቶን ሲካፈል ትንሹ ይበልጣል። በዚያ ላይ እንደ ሃርድቶፑ ሙሉ ሻንሲ አለው፣ ለዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽም አለው፤ ቀላል ስለሆነ ጭቃ ላይ ቢይዘው አራት ሰው ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ፍርዴ ይኸው ነው፦ ቅዳሜ ወጥቶ እሁድ ለሚመለስ፣ ከሱሉልታ ሜዳ፣ ከመናገሻ ወይም ከወንጪ ለማያልፍ ሰው ቪታራ ይበቃዋል። ሃርድቶፕ የሚገባው ቤተሰብና ድንኳን ጭኖ ራቅ ላለ፣ ነዳጅና ጋራዥ ለማይገኝበት አገር ነው። ሰዎች የሚገዙት ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ትልቁን ገዝተው ቦሌ ላይ ያንሸራሽሩታል።

ቪታራም ነውር አለው። የብዙዎቹ የፊት ዲፈረንሻል ቤት አልሙኒየም ነው፤ ከጉድጓድ በሪቨርስ ለመውጣት ነዳጅ አጥብቆ የሚረግጥ ሰው ይሰነጥቀዋል። የላንድክሩዘሩን ሕመም ደግሞ ለማወቅ ከፊት ጎማ ጀርባ ጎንበስ ማለት ነው፤ መሪው የሚታጠፍበት ክብ ጉልበት ላይ ጥቁርና ቀጭን ቅባት ወደ ጎማው ከወረደ የውስጡ ፓራኦሊዮ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሻጩ ጨርቅ ይዞ ጠርጎት ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ዙር ጉዞ በኋላ ድጋሚ ማየት ይሻላል። ሻንሲው ላይ ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታ በእጅ መዳበስም ያስፈልጋል፤ ጤፍ ሲጭን የኖረ መኪና ብየዳው እዚያ ነው የሚገኘው። ቀለም ቅብ ስለ መኪናው ዕድሜ ምንም አይነግርም።

ማሻሻያውን በተመለከተ ኮሎራዶ የተማረው ሰው መጀመሪያ ማንሳት ይፈልጋል፤ ሞላ ቀይሮ አሥርና አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ግዙፍ ጎማ። ቁስቋም ላይ ይህ ሁለት ጊዜ ያከስራል። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ማርሹን ያረዝመዋል፤ በከፍታው ምክንያት ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣ ሞተር ሌላ ሸክም ይጨመርበታል ማለት ነው። ሲወርድ ደግሞ ከባዱን ጎማ ማቆም ያለበት ያው አሮጌ ፍሬን ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለው ቁልቁለት ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረዱት ጤነኛውንም ፍሬን ያግላል። ከፍ ያለ መኪና በጎን ዳገት ላይ የመገልበጥ ዕድሉም ይጨምራል። ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ አካል ለውጥ ማድረግ በፈቃድ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሻንሲ ቆርጦ መቀጠል የለበትም። እኔ ገንዘቡን የማውለው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ከዚያ በፋብሪካው ልክ የሆነ ጥርሱ ጠንካራ ጎማ ከነስኮርታው፣ አሞርዛተር፣ በመጨረሻም ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ማሰሪያ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋና ክሪክ። ዊንች ሁለት መኪና ሆኖ ለሚወጣ ሰው ትርፍ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው ማሻሻያ ንፋስ ነው፤ ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20 ዝቅ ያለ ጎማ ድንጋይ ላይ ይለጠጣል፣ አሸዋና ልቅ አፈር ላይ አይሰምጥም፤ አስፋልት ሳይወጡ መልሶ ለመሙላት ትንሽ ኮምፕረሰር ትበቃለች። የሱሉልታ ዋልካ ክረምት ላይ ሲላቁጥ ግን ይህም አያድንም፤ ጥርሱ ውስጥ ጭቃው ተሞልቶ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ቤት መቀመጥ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የመኪናው ሳይሆን የተራራው ነው። እንጦጦ ባዶ መሬት አይደለም። ምኒልክ ያስመጡት ባሕር ዛፍ ከለበሰው ጀምሮ ዳገቱ የእንጨት ተሸካሚ እናቶች መተዳደሪያ ነው፤ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው በቁስቋም በኩል የሚወርዱበት የእግር መንገድ የማንም የመኪና መለማመጃ ሊሆን አይገባም። ማለዳ ላይ ሯጮች አሉ፤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለፈረስ ነው። በዚያ ቀይ አፈር ላይ ጎማ የቆረጠው ቦይ በአንድ ክረምት የጎርፍ መውረጃ ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ልክ ነው፤ መልሴም መከራከሪያ ሳይሆን ስምምነት ነው። ቁስቋም መነሻ ይሁን እንጂ መጫወቻ አይሁን። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚፈትን መንገድ ለመፈለግ ጫካ መቅደድ አያስፈልግም፤ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው የጠጠርና የአፈር መንገድ ራሱ ከሞአብ ያልተናነሰ ፈተና ነው። ወደ መንዝ ጓሳም ሆነ ወደ አንኮበር ሲታሰብ ደግሞ አስቀድሞ የአካባቢውን ጸጥታ ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ሰው በሸክም በሚወጣበት ዳገት መኪና ለመዝናኛ መንዳት ቅንጦት ነው የሚልም አለ። ቅንጦት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ቆሞ ሊዝግ የደረሰ ቪታራ ገዝቶ፣ ገንዘቡን ለሰፈር ጋራዥና ለጎሚስታ ከፍሎ፣ ገጠር ወርዶ ምሳ የሚበላ ሰው በዶላር አዲስ መኪና ከሚያስመጣው ቅንጦቱ ያነሰ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ለምን አሮጌ ጭስ ይጠገናል ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፦ አሁን በብዛት የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ የከተማ መኪኖች ናቸው፤ ባለ ከፍታው ዋጋው ሲቀንስና ገጠር ላይ ቻርጅ ማድረጊያ ሲገኝ ክርክሩን ያሸንፋሉ፣ ያሸንፉም። አሮጌ መኪና ኤርባግ የለውም የሚለው ትችት ግን እውነት ነው፤ የደኅንነት ቀበቶ ለተሳፋሪው ሁሉ ማሰራትና በአስፋልት ከ80 አለማለፍ ካልተቻለ አሮጌ መኪና ባይገዛ ይሻላል።

ለመግዛት የቆረጣችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ሞተር የተቀየረባቸው ብዙ ናቸው፣ ያልተመዘገበ ሞተር ስም ሲዛወር ያስቸግራል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዳችሁ አስነሡት። ከዚያም የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ንዱት፤ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ውጡ፣ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ሻጩ ይህን ጉዞ እንቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።