ላብ ምን ይመሰክራል? ከውርጌሳ መንገድ እስከ ዶሃ ማራቶን



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ስለ ነገሥታት ሳይሆን ስለ ላብ ልናገር ነውና። ይሁን እንጂ የታሪክ ሰው ዋና ሥራው ምስክርን መመርመር ነው። ምስክሩ የሚነግረን በእርግጥ የሚያውቀውን ነው ወይስ እኛ ልንሰማው የፈለግነውን? ላብም ምስክር ነው። ለዘመናት የተጠራው ግን በማያውቀው ጉዳይ ላይ እንዲመሰክር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ያደግሁት ውርጌሳ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል የሚመጣውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁል ወርዶ ውርጌሳ ሲደርስ ሹራብ ያስወልቃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እኔና ጓደኞቼ ከትምህርት መልስ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር እንሮጥ ነበር። ሰዓት የነበረው ልጅ ከመካከላችን አልነበረም። መለኪያችን ላብ ነበር። በዕድሜ ጥቂት ስለምበልጣቸው ዳኛው እኔ ሆንኩ፤ ሩጫው ሲያበቃ የእያንዳንዱን ጀርባ በእጄ እዳስሳለሁ፤ ሸሚዙ ያልራሰ «አልለፋህም» ተብሎ አንድ ዙር ይጨመርበታል።

አንድ ቀን ከአምባሰል ደጋ ወደ ዘመዶቹ ከመጣ ሳምንት ያልሞላው ልጅ ጀርባው ከሁላችንም ያነሰ ርሶ አገኘሁት። መልሼ ሰደድኩት። ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል፤ የሚናገረው አይያያዝም፤ ተንገዳግዶ ወደቀ። ወደ ጥላ ወስደን ውሃ አፈሰስንበት። ተረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከእኛ ጋር አልሮጠም። እኔም ልጁ ደካማ ነበር እያልኩ ብዙ ዓመታት ኖርኩ።

ያን ፍርድ ያስፈረደኝ የራሴ ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋዬም አግዞኛል። በሐቅ የተገኘን ሀብት «በላቤ ያፈራሁት» እንላለን። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ለአዳም ከተነገረው ቃል ጀምሮ «ወዝ» የድካም ስም ነው፤ የፊት ወዝ ደግሞ የጤንነት ምልክት ነው። በ1966ቱ አብዮት ዘመን ለአዲሱ መደብ ስም ሲፈለግለት የተገኙት «ወዝ አደር» እና «ላብ አደር» ነበሩ። ሌላም መሥመር አለ፤ የሕክምናው። ምች የመታው ሰው በዳማከሴ ይታሻል፤ ከዚያም ጋቢ ተደርቦበት እንዲያልበው ይደረጋል። ላቡ ሲወጣ በሽታው ወጣ ይባላል። ስለዚህ ላብ በአንድ በኩል የሐቅ ማረጋገጫ፣ በሌላ በኩል የመንጻት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በየከተማው ጂም ውስጥ ላስቲክ ለብሶ የሚሮጠው ወጣት ሁለቱንም እምነቶች ባንድ ላይ የለበሰ ይመስለኛል።

አካሉ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። እኔ የፊዚዮሎጂ ሊቅ አይደለሁም፤ ባልደረቦቼ ያስተማሩኝን ነው የምደግመው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ያን ሙቀት ለማስወገድ ቆዳችን ውሃ ያመነጫል። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን መሬት ላይ የተንጠባጠበው ግን አያበርድም፤ ውሃችንን ብቻ ይወስዳል። እንግዲህ ላብ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ያህል ሠራ?» የሚለውን አይደለም፤ «ሰውነቱ ምን ያህል ሙቀት ማስወገድ አስፈለገው?» የሚለውን ነው። ያንኑ ሩጫ በደሴ ብርድና በውርጌሳ ፀሐይ ብንሮጠው ሥራው አንድ ሆኖ ሸሚዙ ይለያያል።

ለሙቀት የተላመደ ሰው ደግሞ ላቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ይበዛል፣ ጨውም ይቀንሳል። ልምዱ የሚገኘው በ10 እና በ14 ቀን መካከል ነው። ያ የደጋ ልጅ ያነሰ ያላበው ስላልለፋ አልነበረም ማለት ነው፤ ሰውነቱ ገና ቆላውን ስላልለመደ ነው። ሸሚዙ «አቁሙ» ይለን ነበር፤ እኔ «ጨምር» ብዬ ተረጎምኩት።

የሀገራችን የሩጫ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለው። ጥር 2001 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዱባይን ማራቶን በዝናብ ውስጥ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አሸነፈ። ያኒስ ፒትሲላዲስ የነበሩበት የተመራማሪዎች ቡድን እንደገመተው ኃይሌ በሰዓት 3.6 ሊትር ገደማ አልቦታል፤ ሲጨርስም ከክብደቱ ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋ ጎድሎ ነበር። ይህን ሰምቶ «አያችሁ፣ ጀግና ያልበዋል» የሚል አይጠፋም። እሺ፤ ወደ ዶሃ እንሂድ።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የሮጠው ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን መጠናቀቁን ታስታውሳላችሁ። በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና ተመሳሳይ ዘዴ ተሞከረ፤ መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. የሴቶች ማራቶን ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። ፀሐይ አልነበረችም፤ የአየሩ እርጥበት ግን ከ70 ከመቶ በላይ፣ ሙቀቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሴቶች 28ቱ አቋረጡ። ሦስቱ ኢትዮጵያውያትም፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀ እና ሹሬ ደምሴ፣ አልጨረሱም። እርጥብ አየር ላብን አያተንምና የፈሰሰው ላብ ማብረድ አልቻለም። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት፣ እርጥበቱ በጣም ቀንሶ ሳለ ወንዶቹ ሮጡ፤ ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር አመጡ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ለፍተው ነበር የሚል ደፋር ይኖራል?

ስለ ላስቲኩ ልብስ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ ክብደት ለመቀነስ በሙቀትና በላብ ሰውነታቸውን ሲያደርቁ ሞቱ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበሩ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ልብስ ከለከለ። በላብ የሚጎድለው ክብደት ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ልምምድን ለመመዘን ርቀትና ሰዓት፣ የልብ ምት፣ እየሮጡም ቢሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መጨረስ መቻል ይሻላሉ። ላብ ራሱን መለካት የሚፈልግ ደግሞ ከሩጫ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ በመካከሉ የጠጣውን ከደመረ፣ የጎደለው 1 ኪሎ 1 ሊትር ገደማ ላብ ነው። የፓዱዋው ሐኪም ሳንቶርዮ እ.ኤ.አ. በ1614 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሥራ በሚዛን ላይ ተቀምጦ ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነገር ሲያደርግ የኖረበት ነው።

ያን የአምባሰል ልጅ አምና መርሳ ላይ አገኘሁት፤ አሁን የልጆች አባት ነው። ነገሩን አስረድቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ግን የወደቀው ምሳ ሳይበላ ስለሮጠ እንደሆነ እስካሁን ያምናል። ይህንንም በምንጭነት መዝግቤዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።