የጤፍ አበባ የመከፈቻ ሰዓትና የዝርያ ማዳቀል ሥራ

የአበባ እጽዋት ጾታዊ መራባት ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ንብ ነው። ጤፍ ግን ለመጸነስ ንብም ነፋስም አያስፈልጋትም። እያንዳንዷ ደቃቅ አበባ በሁለት ገለፈቶች ተሸፍና ሦስት የወንዴ ዘንጎችና ላባ መሰል የብናኝ መቀበያ ያለው አንድ ሴቴ ክፍል ይዛለች። የብናኝ ከረጢቶቹ ሲፈነዱ ብናኙ እዚያው በራሷ ሴቴ ክፍል ላይ ያርፋል። ከሌላ ተክል በመጣ ብናኝ የሚጸነሰው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሂደት ከሌሎቹ የአበባ እጽዋት አይለይም። ብናኙ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ሁለት የወንዴ ህዋሶችን ወደ ጽንስ ከረጢቱ ያደርሳል። አንዱ ከእንቁላል ህዋሷ ጋር ተዋሕዶ ሽል ይሆናል። ሌላው በከረጢቱ መካከል ካሉት ሁለት ኑክሊየሶች ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚህም ሽሉን የሚመግበው ኢንዶስፐርም ይገኛል። ይህን ድርብ ጽንሰት ሰርጌይ ናቫሺን በ1898 እ.ኤ.አ. በሊሊና በፍሪቲላሪያ አበቦች ላይ ደርሶበት ይፋ አደረገ። በጤፍ ስሌቱ ግልጽ ነው፦ የወንዴውም የሴቴውም ህዋስ 20 ክሮሞዞም ሲይዝ ሽሉ 40፣ ኢንዶስፐርሙ ደግሞ 60 ይኖረዋል። እንጀራችን በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ውሕደት ፍሬ ነውና ርእሱ በትምህርት መጻሕፍታችን በአንድ አንቀጽ መታለፉ ይቆጨኛል።

ራሷን በራሷ የምታዳቅል ሰብል ለተመራማሪ ፈተና ናት። ሁለት ዝርያዎችን ለማዳቀል አበባዋ ብናኟን ሳትረጭ የወንዴ ክፍሎቿን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አንድ ሺህ ፍሬዋ ተመዝኖ ግማሽ ግራም የማይሞላ ተክል አበባ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መፍትሔው የተገኘው በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ የጤፍ አበባ ማለዳ፣ ከ12:45 እስከ 1:30 ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች በዋዜማው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በቀጭን መርፌ፣ ሦስቱን የብናኝ ከረጢቶች ያወጣሉ፤ በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ከአባት ተክሉ የወሰዱትን ብናኝ በሴቴው ክፍል ላይ ያሳርፋሉ።

በደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ምርታማው ዱከም ከነጩ ማኛ ጋር የተዳቀለው በዚህ ዘዴ ነው፤ ከልጆቻቸው የተመረጠው ቁንጮም በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬው ተለቀቀ። የሰው እጅ ለማዳቀሉ እንጂ የተገኘውን ለማጽናት ብዙም አላስፈለገም። ራሷን በምታዳቅል ተክል ከሁለት ወላጆች የመጣው ልዩነት በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በስምንተኛው ትውልድ ከመቶ አንድ በታች ይደርሳል። አዳቃዩን ያስቸገረው የተዘጋ አበባ የዝርያውን ንጽሕና በገበሬው ማሳ ላይ ሳይቀር ይጠብቃል።