ላለማምረት የተከፈለ ገንዘብ

ገበሬ ዘርቶና ኮትኩቶ ያሳደገውን ጥጥ መልሶ እንዲገለብጠው መንግሥት ገንዘብ ከፈለው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1933 በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ፣ ተፈጽሟል። ዕድሜ ልካቸውን ጥጡን እንዳይረግጡ የተገሩ በቅሎዎች በቡቃያው ላይ አንሄድም ብለው አራሾቹን አስቸግረዋቸው ነበር ይባላል።

ምክንያቱ የዋጋ መውደቅ ነው። በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ 16 ሳንቲም ግድም ያወጣ ነበር፤ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ተኩል አሽቆለቆለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በግንቦት 1933 የፈረሙት የእርሻ ሕግ ምርቱን ቀንሶ ዋጋውን ለማንሣት የታሰበ ነበር። 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል የጥጥ ማሳ ተገለበጠ፤ ዋጋውም አንሰራራ። ገንዘቡ ማን እጅ ገባ?

አርካንሶ ውስጥ ፖይንሴት የሚባል የገጠር አውራጃ አለ። ጥጡን የሚያለማው እኛ ቀድሞ እኩል አራሽ እንለው የነበረው ዓይነት ሰው ነው፤ መሬቱ የሌላ፣ ጉልበቱ የራሱ፣ ቀለቡ በዱቤ። ለ1934 እና ለ1935 የወጣው ውል በፓውንድ 3.5 ሳንቲም የመሬት ኪራይ ብሎ ለባለመሬቱ ሰጠ። በፓውንድ 1 ሳንቲም የሆነው ማካካሻ ደግሞ እንደየድርሻቸው ለሁለቱ ይከፈላል፤ ለእኩል አራሹ ግማሽ ሳንቲም፣ ያውም በባለመሬቱ እጅ በኩል። ማሳው ሲቀንስ የሰው ፍላጎትም ቀነሰና ብዙዎች ከጎጇቸው ተነሡ። ውሉ ባለመሬቱ ጭሰኞቹን በተቻለው መጠን እንዲያቆይ ቢጠይቅም፣ በየአውራጃው ሥራውን የሚመራው ኮሚቴ በባለመሬቶች የተያዘ ነበር። አቤት የተባለበት ሰው ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

በሐምሌ 1934 ታይሮንዛ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ 18 ሰዎች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ 11ዱ ነጮች፣ 7ቱ ጥቁሮች። አንድ ማኅበር ይሁን ወይስ ሁለት ብለው ተከራከሩና አንድ እንዲሆን ወሰኑ። ዘር በሕግ ተለይቶ በሚኖርበት አገር ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። ካስተባበሯቸው መካከል ኤች. ኤል. ሚቸል የላውንደሪ ቤት፣ ክሌይ ኢስት የቤንዚን ማደያ ነበራቸው። የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበር እንዲህ ተወለደ፤ አባላቱም ተደበደቡ፣ ታሰሩ።

ዋሽንግተን ላይ በጀሮም ፍራንክ የሚመሩ የሕግ ባለሙያዎች ባለመሬቱ የነበሩትን ጭሰኞች ማቆየት አለበት ብለው ውሉን ተረጎሙ። በየካቲት 1935 ፍራንክና ባልደረቦቹ ከሥራ ተባረሩ። በጥር 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍያው የቆመበትን ሥርዓት 6 ለ3 ሻረ፤ ድጎማው ግን በሌላ ሕግ ስም ቀጠለ።

ታሪኩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአርሲ ጭላሎ የካዱ ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያመጣ እርሻው አተረፈ፤ ብዙ ባለርስትም ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ቀድመው የተፈናቀሉት ከቀያቸው ወጥተው ነበር።

ሚቸልና ኢስት ይሠሩበት የነበረው የታይሮንዛ ቤት ከ2006 ወዲህ ሙዚየም ሆኗል። መንግሥት ለገበሬው ይህን ያህል ሰጠ ሲባል እኛም መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን ይህንን ነው፦ ለየትኛው ገበሬ? በማንስ እጅ?