ባንኩ የሚቀበለው ሶሊሲተር፦ እንግሊዝ አገር በብድር ቤት ለምትገዙ

እኔ የማስተምረው ካኩማ ካምፕ ነው። የራሴ የምለው ቤት ኖሮኝ አያውቅም። ታዲያ ስለ ሞርጌጅ ለመጻፍ ምን አገባህ ለምትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ በሪሴትልመንት እንግሊዝ ከገባች ዓመታት ሆኗታል። የሕግ እንግሊዝኛ ሲከብዳት ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ትልክልኛለች፤ እኔም ማታ ኔትወርኩ ሻል ሲል አንብቤ በድምፅ እመልስላታለሁ። ቤት ልትገዛ ስትነሳም ወረቀቱ ሁሉ በእኔ ስልክ አለፈ። አንዷን ጥያቄ በጊዜ ባለመጠየቃችን ገንዘብም ጊዜም አጣን። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሶሊሲተር ባንኬ ፓነል ላይ አለ ወይ?»

አባቴ ሲያወራ፣ አገር ቤት ቤት የገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈራረማል፣ ከዚያ ስሙን ያዛውራል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ይህን ስም የማዛወር ሥራ ኮንቬያንሲንግ ይሉታል። የሚሠሩት ሶሊሲተሮች ወይም ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር የሚባሉ ባለሙያዎች ናቸው። ሁለቱም ፈቃድ ያላቸው ናቸው፣ ለቤት ግዢ ሁለቱም ይሆናሉ። (ስኮትላንድ የራሱ ሕግ ስላለው እዚህ የምለው ሁሉ እዚያ አይሠራም።) ባለሙያው የሻጩን ባለቤትነት ላንድ ሬጅስትሪ መዝገብ ላይ ያያል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ስለ መንገድና ስለ ግንባታ ፈቃድ፣ ከውሃ ድርጅቱ ስለ ፍሳሽ ያጣራል፣ ውሉን ይመረምራል፣ ገንዘቡን ያስተላልፋል፣ በመጨረሻም ቤቱን በስማችሁ ያስመዘግባል።

ታዲያ እኔ የምከፍለውን ጠበቃ ባንኩ ለምን ይመርጥልኛል? እህቴም የተናደደችው በዚህ ነበር። ነገር ግን አስቡት፣ አብዛኛውን ገንዘብ የሚያወጣው ባንኩ ነው፣ መያዣው ደግሞ ቤቱ ነው። ባለቤትነቱ ላይ ችግር ካለ ባንኩም አብሮ ይከስራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሶሊሲተር ለእናንተም ለባንኩም ይሠራል። ባንኩም የሚያምናቸውን ድርጅቶች በዝርዝር ይይዛል፤ ፓነል የሚባለው ይህ ዝርዝር ነው። ለሶሊሲተሮቹ የሚሰጠው መመሪያም ዩኬ ፋይናንስ በሚያወጣው የአበዳሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ክፍል ለሁሉም አንድ ነው፣ ሁለተኛው የየባንኩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ማንም ሊያነበው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈቃድ ያለው መሆንና ፓነል ላይ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎበዝና ታማኝ የሆነ ሶሊሲተር ከአንዱ ባንክ ፓነል ላይ ኖሮ ከሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። አንዳንዱ ባንክ የሎው ሶሳይቲን የኮንቬያንሲንግ የጥራት ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ብቻውን የሚሠራ ሶሊሲተር አይቀበልም። ዝርዝሩም ይለዋወጣል። ኤችኤስቢሲ በ2012 መጀመሪያ ላይ ፓነሉን ወደ 43 ድርጅቶች ብቻ አውርዶት ነበር፤ በኋላ ነው መልሶ ያሰፋው።

የእህቴ ጉዳይ እንዲህ ሆነ። አንድ የአገራችን ሰው ጥሩ ነው ያለውን ቢሮ ያዘች። መጀመሪያ ጠይቃለች፣ «አዎ፣ ፓነል ላይ ነን» አሏት፣ እውነትም ነበር። ከዚያ ብሮከሩ የተሻለ ወለድ አግኝቶ ባንኩን ቀየረላት። ሁላችንም ደስ ብሎን ዝም አልን፤ ለአዲሱ ባንክ ግን እንደገና የጠየቀ ሰው አልነበረም። የማጣራቱ ክፍያ ከተከፈለ፣ ግማሹ ሥራ ካለቀ በኋላ ባንኩ ይህን ድርጅት አንቀበልም ብሎ ጻፈ። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

እንዲህ ሲሆን ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ሶሊሲተር መቀየር ነው፤ የተሠራውን ሥራ ትከፍላላችሁ፣ አዲሱም ቢሮ ማጣራቱን እንደገና ሊያሠራው ይችላል። ሌላው፣ ባንኩ ከፈቀደ፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ባንኩ ለራሱ ሌላ ሶሊሲተር ያቆማል። የሁለቱንም ሒሳብ የምትከፍሉት ግን እናንተው ናችሁ፣ ሥራውም ይጓተታል። ቢሮው ፓነሉ ውስጥ ለመግባት ማመልከትም ይችላል፣ በዚያ ተስፋ አድርጎ መቀመጥን ግን አልመክርም። የብድር ስምምነቱ ጊዜ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው። እህቴ ቀየረች። በግምት 600 ፓውንድና ስድስት ሳምንት ሄደባት።

ስለዚህ ለማንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የቢሮውን ሙሉ ስምና አድራሻ ከነፖስት ኮዱ ለባንኩ ወይም ለብሮከሩ ስጡና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቢሮውንም ለብቻው ጠይቁ። «ብዙ ባንኮች ጋር እንሠራለን» የሚለው መልስ አይደለም፤ የእናንተን ባንክ ስም ጠርተው ይመልሱ። ባንክ በተቀየረ ቁጥር ጥያቄውን ድገሙት። ፈቃዱን ደግሞ ሶሊሲተር ከሆነ በሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ፣ ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር ከሆነ በራሳቸው ካውንስል ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። የቤት ሻጩ ኤጀንት የሚጠቁማችሁን ሰው የመያዝ ግዴታ የለባችሁም፤ ኤጀንቱ ለመጠቆሙ ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላል። «ካልተሳካ ክፍያ የለም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁም የማጣራቱን ክፍያ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ሶሊሲተሩ ለባንኩም ይሠራል ማለት ደግሞ ለእኛ ሰው ሌላ ትርጉም አለው፣ በተለይ በገንዘቡ ጉዳይ። ዲፖዚቱ ከየት እንደመጣ በወረቀት ማሳየት አለባችሁ፤ ይህ የገንዘብ ማጠብን ለመከላከል የወጣ ሕግ ነው። እህቴ ከዲፖዚቷ ግማሽ ያህሉ ዕቁብ ነበር። «ዕቁብ ምንድን ነው?» የሚል ኢሜይል ሲመጣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ለተማሪዎቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ። ማታ አንድ ገጽ ጻፍኩላት፦ ስንት ሰው እንዳለበት፣ በወር ስንት እንደሚከፈል፣ ዕጣው የወጣላት መቼ እንደሆነ። ዳኛው ፈረመበት፣ የባንክ መዝገቧ ላይም በየወሩ የከፈለችው ስለሚታይ ተቀበሉት። በእጅ ብቻ የተከፈለ ዕቁብ ቢሆን ኖሮ ይከብድ ነበር። ዕጣው ቀድሞ ወጥቶላችሁ ገና የምትከፍሉት ወራት ካለ ደግሞ ያ ዕዳ ነው፣ አትደብቁት።

ዘመድ የሰጣችሁ ገንዘብም ካለ ሰጪው ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልሆነ፣ በቤቱም ላይ መብት እንደማይጠይቅ ፈርሞ ይጽፋል። የሰጪው መታወቂያና የባንክ መዝገብም ሊጠየቅ ይችላል። በእኛ ባህል «ሲመቸኝ እመልስልሃለሁ» ተብሎ የተወሰደ ገንዘብን ስጦታ ነው ብሎ መፈረም ቀላል ይመስላል፤ ውሸት ግን ነው፣ ሶሊሲተሩም ካወቀ ለባንኩ ሳይነግር ሥራውን መቀጠል አይችልም። ቤቱ ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር አዋቂ ዘመድ ካለ እሱንም መናገር አለባችሁ፤ ባንኩ የፈቃድ ፎርም ያስፈርመዋል።

የስም ነገርም አለ። የእኛ ስም አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ይጻፋል፣ የአያት ስም አንዱ ጋ ገብቶ አንዱ ጋ ይቀራል። የብድር ስምምነቱ፣ መታወቂያውና ውሉ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን መጀመሪያ ሳምንት ላይ አረጋግጡ።

ወደ መጨረሻው ሁለት ቀናት አሉ። ውል የሚለዋወጡበት ቀን አንዱ ነው፤ ያን ቀን አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ ከተመለሳችሁ ልታጡት ትችላላችሁ። ሌላው ገንዘቡ ተላልፎ ቁልፍ የምትቀበሉበት ነው። በዚህ መሀል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ አትክፈሉ። የኢሜይል ሌቦች የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቀን በያዛችሁት ስልክ ቁጥር ደውላችሁ፣ ሰውየውን በድምፅ አነጋግራችሁ ብቻ ላኩ።

በሶሊሲተራችሁ ሥራ ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለራሱ ለቢሮው በጽሑፍ አቅርቡ። በ8 ሳምንት ውስጥ ካልመለሱ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ሌጋል ኦምቡድስማን የሚባለው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ያያል፣ ለእናንተ ነፃ ነው። እህቴ የመጀመሪያውን ቢሮ አልከሰሰችም። የጠየቀቻቸው ስለ መጀመሪያው ባንክ ነበር፣ የመለሱላትም ስለ እሱ ነው።